የመስታወት ፊት የነበራት ስሙኒ

ኅዳር 3፣ ማለዳ

ደጁን ውሃ ረጭቼ ሱቁን ከፈትኩ። አቧራው ሰምቶኝ አያውቅም፣ ዛሬም አልሰማኝም። የዶሎ ኦዶው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይንጫጫል። ሁለት ሳሙና፣ አንድ ባትሪ ሸጥኩ። ከዚያ ጭር። አንቺ ደብተር ባትኖሪ ከስኳሩ ጆንያ ጋር ማውራት ልጀምር ነበር።

ከሰዓት

የታ.ን ሣጥን ከፈትኩ። ባሌ ታደሰ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልብሱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ ይቺ ሣጥን ብቻ ቀርታ ነበር። ከታች ያቺ ሰማያዊ ከፋይ የለበሰችው የሳንቲም ማኅደር አለች። ሾፌር ሳለ ይነዳለት የነበረው ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሰጠው። አምስት ጉድጓድ፣ አራት ሳንቲም። የስሙኒዋ፣ የሃያ አምስቷ ቦታ ባዶ ነው።

እሱንስ አውቃለሁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አውጥቶ የሰጠኝ እሷን ነው። ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው የቆሙባት። አንደኛዋ አንቺ ነሽ አለኝ፣ አፍሬ ሮጥኩ። ዛሬ ከእህቶቿ ጋር ላገናኛት ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሲኒ አነሳሁ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የማኖራት።

የለችም።

ማታ

ለልጄ ደወልኩ። ትዕግስት ዶሎ ኦዶ ነው የምትሠራው፣ ከስደተኞቹ ጋር። ባለፈው መጥታ ቤቱን ስታጸዳ ሲኒው ውስጥ አንዲት ስሙኒ አግኝታ ጣሳው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመረቻት። ስሙኒ አይደለች እንዴ እማዬ፣ ምን ልዩነት አላት አለችኝ። ደህና እደሪ ሳልላት ዘጋሁ።

ኅዳር 4

ጣሳው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፣ ትልቁ። ስሙኒ የሚቀበል ሰው ሲጠፋ የሱቄ ሁሉ እሱ ውስጥ ቀረ። ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ሁሉም ጠቁሮ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የኔዋ ጎልታ ትታያለች ብዬ ነበር። ወይ ጉድ።

አሰብኩ። የኔዋ ስትታጠብ እንዴት እንደምታበራ አውቃለሁ። ሁሉንም በሎሚና በአመድ ባሻቸው እሷ ብቻ ቦግ ትላለች። ጥሩ ሐሳብ! ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ጣቴ ተላጠ።

ሁሉም ቦግ አሉ። ሁሉም! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከት ብዬ። ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ስነቃ እያለቀስኩ ነው። ሎሚው ዓይኔ ውስጥ ገባ ልበል? ላንቺ አልዋሽም።

ኅዳር 5

ኦቦ ጃርሶ ሻይ ቅጠል ሊገዙ መጡ። ከመናኸሪያው በር ሰዓት የሚያድሱት ሽማግሌ። ሳንቲሞቹ ማዳበሪያ ላይ ተሰጥተው አዩ።

“አካም ቡልቴ፣ ያ ኢንታላ? ሱቁን ወርቅ ቤት አደረግሽው እንዴ?”

“ኦቦ፣ አትሳቁብኝ እንጂ።”

“መች ሳቅሁ። ጥርሴ ነው እንዲህ ያለው።”

ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። በዚህ ዕድሜዬ ኢንታላ፣ ልጅት የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ደስ ይለኛል መሰለኝ። ያቺን ዓይናቸው ላይ የሚለጥፏትን ማጉያ አወጡና ከማኅደሩ አሥር ሳንቲሟን፣ ከመሳቢያዬ ደግሞ ሌላ አሥር ሳንቲም ጎን ለጎን አስቀመጡ። እዪ አሉኝ።

ዓይኔን ለጠፍኩ። እመቤቴ! የማኅደሯ ሜዳው መስታወት ነው፣ ጨለማ ጥልቅ ውሃ። አጋዘኑ ግን ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ነጣ ብሎ ተነስቷል። ጠርዟ እንደ ምላጭ። የመሳቢያዬዋ ሁሉ ነገሯ ክብ ክብ ያለ፣ የተኛ። አዲስ ሳንቲምም እኮ ያበራል አሉ፤ ግን ስታዞሪው ብርሃኑ አብሮ ይሽከረከራል። ይቺ ዝም ያለች ናት።

እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ተቀምጦ እኔ አቧራ እጠርጋለሁ።

ኅዳር 7

ማኅደሯ ውስጥ የእንግሊዝኛ ካርድ አለ። ፎቶ አንስቼ ለትዕግስት ላክሁ፣ ደውላ አነበበችልኝ። ስሟ ፕሩፍ ነው አለች። ገበያ የማትወጣ፣ ለመታየት ብቻ የምትሠራ። ማተሚያውም ብረቱም አስቀድሞ ይወለወላል፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ይመታል። በጠርዟ ካልሆነ አትያዝም። አትወለወልም።

አትወለወልም ስትል የተላጠ ጣቴን አየሁ። ስትመጪ ጎመን በሥጋ እሠራልሻለሁ አልኳት። ሥራ በዝቷል፣ አየዋለሁ አለች።

ኅዳር 8

ዛሬ ክፉ ቀን ነው።

ኦቦ ጃርሶ ጣሳውን ሙሉ አዩት፣ አንድ በአንድ፣ ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሰው እየመለሱ። መስታወት ያላት ፈለጉ። አንድም የለም። ዘነበች፣ ይቺ ነገር እዚህ የለችም አሉኝ። በስሜ ጠሩኝ፣ ኢንታላ እንኳ አላሉም።

ትዕግስት ሌላ ቦታ ጣለቻት እንዳልል እየማለች ነው። ጣሳው እስከ ዛሬ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ታ. የሰጠኝ ከመጀመሪያውም ተራ ስሙኒ ነበረች። አዲስ ብትሆን ነው ያበራችልኝ። የማኅደሯን ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

ለማን? ለቅሶው ላይ ከሜጋ የመጣች ጠይም ሴት ነበረች። ማንም አያውቃትም። ከኔ በላይ አለቀሰች። በሜጋ መንገድ ስንት ዓመት ነድቷል፣ እዚያ ያድር ነበር። ያኔ ማነሽ አላልኳትም። ወንበር እንኳ አላስጠጋሁላት።

የታ.ን ፎቶ ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ኅዳር 10

ሱቅ አልከፈትኩም። ኦቦ ጃርሶ በሩን አንኳኩ፣ የለሁም አልኩ፣ ከውስጥ ሆኜ! ካልሽ እሺ ብለው ሄዱ።

ሞቶም ያናድደኛል። ቢኖር እጮህበት ነበር። መጮህ ናፈቀኝ። ሻይ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ፣ እጄ ለምዶ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ተሳልሜ መጣሁ። ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር። ቤቱ ሲጨንቀኝ ማንቆርቆሪያ ማጠብ ጀመርኩ። በአመድ ፈተግሁት፣ ሆዱ አበራ። አንገቱ ሥር ግን፣ አፉ ከሆዱ የተገናኘባት ስርጉድ ውስጥ፣ ጥላሸቱ አለ። ጨርቅ አይገባበትም። ስንት ዓመቴ ስፈትገው፣ እዚያች ላይ ደርሼ አላውቅም።

ቆምኩ። እጄ ላይ አመድ።

ደብተሬ፣ ያቺን ስሙኒ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባት ነበር! ከተጋባን ጀምሮ ታ. እስኪሞት። አመድና ሎሚ፣ ከዚያ በቀሚሴ ጫፍ እሽት። ታ. ያያትና ይስቅ ነበር፣ ተያት ብሎኝ አያውቅም። መስታወቱንማ እኔው ልጬ ጨረስኩት። ኦቦ ጃርሶ መስታወት ሲፈልጉ እንዴት ያግኟት? ግን ጨርቅ የማይገባበት ቦታ ይኖራል።

ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ጣሳውን አቅፌ ሮጥኩ፣ ነጠላዬን ሳልይዝ። በሰላም ነው አሉ ኦቦ። ፊቷን ተዉት፣ ስርጉዱን እዩልኝ፣ ጠርዟንም አልኩ። አመድሽን ጠረጴዛዬ ላይ አታራግፊ አሉኝ። ማጉያውን ግን አነሱ።

ብዙ ቆየን። ሻይ አዘዙልኝ፣ ቀዘቀዘ። ከዚያ አንዷን ለይተው ያዙ። ማጉያውን ሰጡኝ።

ፊቷ ሟሙቷል፣ በጭረት የተሞላ፣ የሰዎቹ አፍንጫ የለም። ጠርዟ ግን ቀጥ ያለ፣ ጣቴን ይይዛል። እና በወንድዬውና በሴትዮዋ መሃል፣ ጨርቄ ገብቶ በማያውቅባት ጠባብ ቦታ፣ መስታወት። የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ጥቁር፣ ዝም ያለች፣ ልክ እንደ እህቶቿ።

“ናት?” አልኩ።

“ናት፣ ኢንታላ። ደህና አድርገሽ ገርፈሻታል።”

ኅዳር 13፣ ጠዋት

ፎቶውን ወደ ፊቱ መለስኩት። ይቅርታ አልኩት፣ እሱ ያው ይስቃል። ትዕግስት ሰምታ ደስ አላት። ጉድጓዷ ውስጥ አስገቢያት፣ ሙሉ ትሁን፣ ሁለተኛ እንዳትነኪያት አለች። ኦቦ ጃርሶም እንደዚያው ናቸው።

ሞከርኩ። ገባች። አራቱ እንደ ሙሽራ ተኝተዋል፣ እሷ መሃላቸው ገበያ ውላ የመጣች ትመስላለች። አወጣኋት። ማኅደሯን ትዕግስት ከነባዶው ቦታ ትውሰድ። ይቺን መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። አላጥባትም እንግዲህ፣ ቅዳሜም ቢሆን።

ማታ

ያቺ የሜጋዋ ሴት ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ስሙኒዋ እኔ ጋ ናት። ታዲያ እሷ ለምን እንደዚያ አለቀሰች? ምግብ ትሸጥለት ነበር? ታሞ አስታማው ነበር? ከዚያም በላይ ይሁን። ተናድጄ ብፈልግ ንዴቱን አጣሁት። እዚህ ከተማ የታ.ን ስም የሚያነሳልኝ ሰው አልቋል። ትዕግስት እንኳ ወሬውን ስጀምር ትቸኩላለች። ያቺ ሴት ግን አንድ ነገር ታውቃለች። እንዴት እንደሚስቅ ታውቃለች።

ኦቦ ጃርሶን ጠየቅሁ። ለሜጋ ቀጥታ መኪና የለም፣ ያቤሎ ማደር አለ። ስሟን አላውቅም፤ የሾፌሮቹ ምግብ ቤት ብዬ እጀምራለሁ። የሱቁን ቁልፍ ለሳቸው ሰጠሁ። ሁለት ኪሎ ስኳር ለእሷ ቋጥሬያለሁ። ባዶ እጅ አይኬድም።

ሰኞ እሄዳለሁ።