ከካሴቱ የተቆረጠው ጩኸት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመኳንንት፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህንስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ባቡሩን እያቃሰትክ ነው የምትነዳው? ባለቤትህ ማዕረግ እንዴት ናት? አብነት ቁመቱ በር ሊዘጋ ደርሷል ብለኸኝ ነበር፤ አሁንስ የት ደረሰ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ እንደ ፊቱ አይደለም፤ አፏ ግን እንደ ፊቱ ነው። ባሌ በኃይሉም ልጆቹም ደህና ናቸው። የበልጉ ገብስ አያያዙ ጥሩ ነበር፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ በረዶ መታው። የላይኛው ማሳ ሄደ፣ የታችኛው ተርፏል። በጎቹ አሥራ አራት ደርሰዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጦማችንን አናድርም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ጥሩሸዋ ናት፤ የጎረቤታችን የአፈወርቅ ልጅ፣ እናንተው አገር ባሏ ዘንድ የምትሄደው። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ከፋሲካ በኋላ ደውዬልህ «ሳክስፎን» የምትል ቃል ከአፌ እንደወጣች «መስመሩ ጥሩ አይደለም» ብለህ ዘጋህ። መስመሩ ጥሩ ነበር። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ረጋ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ ከአገር ከወጣህ ወዲህ ጃዝ እንደምሰማ አታውቅም። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር፤ አሁን በስልክ ነው፤ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም በጆሮዬ አስገብቼው እውላለሁ። በቴሌግራም «የጃዝ ወዳጆች» የሚባል ቡድን አለ። አራት መቶ ያህል ሰው ነው። ስለ ድሮ ሸክላ፣ ማን በየትኛው ባንድ እንደነበረ፣ የትኛው ቅጂ በየትኛው ዓመት እንደተቀዳ ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔ ኮንሰርት የሚባል ገብቼ አላውቅም፤ እነሱ ግን አዲስ አበባ አንዱን ሰምተው ሲመለሱ ከበሮ መቺው ያደረገውን ኮፍያ ሳይቀር ስለሚጽፉ ያየሁት ያህል ነው። ኢንተርኔቱ እዚህ ቀየት የሚመጣው በፈለገው ቀን ነው። ሲመጣ የሦስት ቀኑ ክርክር በአንዴ ይወርድልኛል፤ ታርቀው ያደሩትን ሰዎች ገና ሲጣሉ አገኛቸዋለሁ።

ቡድኑን የሚመራው አብዱልሰላም የሚባል የሸዋ ሮቢት ጨርቅ ነጋዴ ነው። በመጋቢት አንድ ቅጂ ለቀቀ። ደብረ ብርሃን አንድ ካሴት ቤት ሲዘጋ በካርቶን ከገዛቸው ካሴቶች ውስጥ ያገኘው ነው፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም አለ። ሳክስፎንና ከበሮ ብቻ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ዐወቅኩህ። እርማቱን ትቼ ተቀመጥኩ።

ቡድኑ ተናወጠ። መጀመሪያ የተጨቃጨቁት በከበሮው ነበር። አንዱ ኮንጋ ነው አለ፤ ሌላው ቦንጎ ነው አለ፤ ፓሪስ የሚኖር አንድ ሰውዬ ደግሞ ከኩባ የመጣ ልዩ ከበሮ ነው ብሎ ሥዕሉን ሳይቀር ላከ። ጓደኛህ ወሰኔ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ገልብጦ ሲደበድብ ቆሜ ያየሁት እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወደ ነፊው ዞሩ። አብዱልሰላም «ይህ ትንፋሽ የአምሳ አለቃ ይታየው ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ አድርጎ የሚያስረዝም ሌላ ሳንባ አልነበረም» ብሎ ፈረደ። ትልልቆቹም ሁሉ ተስማሙ።

አምሳ አለቃ ይታየውን እኔ የማውቃቸው ካንተ አፍ ነው፤ በክፍለ ጦሩ ሙዚቃ ክፍል አራት ዓመት ያስተማሩህ፣ በሰማንያ ሁለት በሕመም ያረፉት። ልጃቸው ትሕትና እዚያው ቡድን ውስጥ አለች። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አባቷ ሲያርፉ ሁለት ዓመቷ ነበር። እሳቸው የተጫወቱበት ሁለት የሬዲዮ ቅጂ አላት፤ በሁለቱም ስምንት ሰው አብሮ ስለሚነፋ የትኛው አባቷ እንደሆኑ አይለይላትም። አንተን ሰምታ «ዛሬ አባቴን ብቻውን ሰማሁት» ብላ ጻፈች። በዚያው ሳምንት አንድ የውጭ አገር አሳታሚ ቅጂውን በሸክላ አወጣዋለሁ አለ፤ በአምሳ አለቃ ይታየው ስም።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ሳምንትም ችዬ ነበር። አንዱ ግን «ከይታየው በኋላ የመጡት ሁሉ ኮራጆች ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ደሜ ፈላ። ሳክስፎኑን ለምን እንደተውክ አውቃለሁና። አዲስ አበባ ሥራ ልትጠይቅ በገባህበት ሁሉ «የይታየው ግልባጭ» እያሉ ስለመለሱህ ነው። «ይታየው አይደሉም። የምታወሩትን አታውቁም» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ወረዱብኝ። «መምህርት፣ እናንተ ጋ ሳክስፎንን ከበግ ጩኸት የምትለዩት በምንድን ነው?» አለኝ አንዱ። ሌላው «ቀየት ላይ ጃዝ የሚዘራው ከገብስ ጋር ነው ወይስ ለብቻው?» አለ። ሌላው ደግሞ «እስቲ ማስረጃ፣ እትዬ» አለኝ። ማስረጃ ልስጥ ብል ያንተን ስም ማንሳት ሊኖርብኝ ነው፤ ያለ ፈቃድህ አላነሳውም። የበጉን ሥቄ አለፍኩት። ትሕትና ግን «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» ብላ ጻፈች። የጻፍኩትን አጠፋሁት፤ ሦስት መቶ ሰው ካነበበው በኋላ።

አሥር ቀን ያህል ቡድኑን ሳልከፍት ቆየሁ። ከዚያ ለአብዱልሰላም ለብቻው ጻፍኩለት። «ዜማው ካለቀ በኋላ የምትጮህ ሴት ነበረች። አንተ ነህ የቆረጥካት?» አልኩት። በማግሥቱ «ማን ነገረሽ?» አለ። ማንም አልነገረኝም፤ ማጭድ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር አልኩት።

ያን ቀን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ጦሩ ተበትኖ ሳክስፎንህን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ቤት በገባህ በሁለተኛው ዓመት ነው። የክዳን ሣር የምናጭድበት የጋራ መሬታችን ጓሳ አራት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ በሰማንያ አምስት የካቲት ተከፈተ። ከቅዳሴ በኋላ ታውጆ፣ የሚታጨድበት ቀን ተቆርጦ፣ ሰው ሁሉ በቅሎውንና አህያውን እየነዳ ወጣ። የእኛ ቤት ክዳን ያፈስ ነበር። አንተና ወሰኔ በግ ቤት ገብታችሁ የወሰኔን ቴፕ ጭድ ላይ አስቀምጣችሁ ትቀዱ ነበር። እማዬ ከውጭ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ አልሰማሃትም። ከዚያ በሩን በርግዳ ገባች። «አንተ! አገር ምድሩ ጓሳ ወጥቶ ሣር ያጭዳል፣ አንተ እዚህ ከበግ ጋር ትጮሃለህ! ክረምት ሲገባ በዚህ ቧንቧ ልትከድነን ነው?» አለችህ። ወሰኔ ደንግጦ ቴፑን የዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን የማውቀው በጓሳ ነው፤ ያን ጊዜ አምሳ አለቃ ይታየው ካረፉ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር።

አብዱልሰላም «ወላሂ፣ ጫጫታ መስሎኝ ነው የቆረጥኩት» አለና ያልተቆረጠውን ላከልኝ። እማዬን አሰማኋት። «ውሸት ነው፤ እኔ እንዲህ አልጮህም» ብላ ጮኸች። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ከሰማች በኋላ «ታዲያ አጨደ?» አለችኝ። አላጨደም አልኳት። «ዐውቄዋለሁ» አለች።

ለትሕትና ማን ይንገራት በሚለው እኔና አብዱልሰላም ተገፋፋን። «አባቷን ያገኘሁላት እኔ ነኝ፤ እኔው መልሼ አልነጥቃትም። አንቺው ንገሪያት» አለ። እውነቱን ነው። ደወልኩላትና ነገርኳት። ከዚያ «እመጣለሁ» ብላ ዘጋች።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሳምንት፣ በግንቦት አጋማሽ፣ በመሐል ሜዳ በኩል መጣች። ቀጭን፣ ትንሽ የምትናገር ሴት ናት። ልትጣላኝ የመጣች መስሎኝ በሌሊት ተነሥቼ የምመልስላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በግ ቤቱን አሳዪኝ አለች። አሳየኋት። ወሰኔን አስጠራሁት፤ አሁን ጥርሱ አልቋል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ቆርቆሮ ገልብጦ መታላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማች። ሲጨርስ «እሱ ነው፤ የካሴቱ ከበሮ» አለች።

ከእማዬ ጋር ስትቀመጥ እማዬ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት። የይታየው አለች። «ያ መኳንንትን ያስተማረው?» አለቻት። አዎ አለች። «እሱ ነው ልጄን ከማጭድ ያጣላብኝ!» አለቻት እማዬ፣ ፊት ለፊት። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ትሕትና ግን እስክታነባ ሣቀች። በኋላ ስሸኛት ነገረችኝ፤ ሰው ሁሉ ስለ አባቷ ሲያወራላት ውዳሴ ብቻ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ በአባቷ ተቀይሞ ሰምታ አታውቅም፤ እማዬ የመጀመሪያዋ ናት።

መኪናው ሊነሣ ሲል እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። «ዜማው የወንድምሽ ነው፣ ስሙም የሱ ይጻፍ። አባቴ እንዴት ይነፋ እንደነበር የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው። አራት ዓመት አብሮት የኖረ የማውቀው ሰው ግን ወንድምሽ ብቻ ነው። ምን መብላት እንደሚወድ፣ ሲቆጣ ምን ይል እንደነበር፣ የኔን ስም ጠርቶ ያውቅ እንደሆነ ይጻፍልኝ። አንድ ገጽ ይበቃኛል።»

እንግዲህ የቀረው ያንተ ነው። አሳታሚው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጠብቃል። ፈቅጃለሁ ካልክ ስምህ ይጻፋል፤ ካልፈቀድክ «ያልታወቀ ተጫዋች» ብለው ያወጡታል። ከቡድኑ ስምህን የሚያውቁት እኔ፣ አብዱልሰላምና ትሕትና ብቻ ነን፤ ሁለቱም ላይናገሩ ምለውልኛል። ግልባጭ ብለው የመለሱህ ሰዎች ዓይነቶቹ ዛሬ ግልባጩን ከዋናው መለየት አቃታቸው። ይህ ያኩራህ ወይ ያናድድህ አላውቅም፤ እኔን ሁለቱንም አድርጎኛል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ዝግ ብለህ ያስገባኸው የውቂያ ዜማ የማንም ግልባጭ አይደለም። አምሳ አለቃ ይታየው ከተማ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ገብስ ወቅተው አያውቁም።

ስለ ሸክላው እምቢ ብትል መብትህ ነው፤ አልነዘንዝህም። ስለ ልጅቷ ግን እምቢ እንዳትል። የምታስታውሰውን ጻፍላት። ጥሩ ያልሆነውም ቢሆን ችግር የለም፤ እማዬ መንገዱን ከፍታልሃለች።

በፖስታው ውስጥ ትንሽ ሚሞሪ አለች። ያልተቆረጠው ነው። አብነት የአያቱን ድምፅ ይስማ፤ ምን እያለች እንደሆነ አንተ አስረዳው።

ማዕረግን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። አብነትን ጎንበስ በል ብለህ ግንባሩን ሳምልኝ። በኃይሉ እጅ ነሥቷል። ልጆቹ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። ወሰኔ «የከበሮ መቺውስ ስም ይጻፍ ወይ በሉት» ብሏል፤ እየቀለደ ነው፣ ግን እየቀለደም አይመስለኝም። አፈወርቅ ለልጁ ለጥሩሸዋ ዓይንህን ጣልባት ብሏል። እማዬ ብዙ አልተናገረችም። ጓሳ በሚመጣው የካቲት ሊከፈት ነው ተብሏል፤ «ማጭዱ እዚህ አለ በለው» ብላለች።

እህትህ አረጋሽ

ቀየት፣ መንዝ
ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.