ከጎንሽ ቆሜ ነበር

ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.
ነፋስ መውጫ

ይድረስ ለእታለሜ፣

የኅዳር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ላሚቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ የጓሮው ጌሾስ እንዴት ከርመዋል? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። መኪናዬም ጤነኛ ናት። የአንቺን ጤንነት ግን አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ትይኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ካንቺ አፍ መስማት ሰልችቶኛል። ስልክ ስደውልም ያችኑ ብለሽ ነው የምትዘጊብኝ። ወረቀት ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ ወረቀት ጆሮዬ ላይ አትዘጊብኝም።

ተቆጥቻለሁ፣ እታለም። ከተቆጣሁ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። መጀመሪያ የተቆጣሁበትና አሁን የምቆጣበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሣ፤ አንቺም ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳምንት፣ በኅዳር ሁለት፣ ደብረ ታቦር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ አቶ ዘውዱና ወይዘሮ ብርቱካን፣ ይዤ ነበር። ከባሕር ዳር ላሊበላ ድረስ፣ ሳይጣደፉ፣ ዐምስት ቀን ሙሉ አገር እያዩ የሚሄዱበትን መንገድ ያሰናዳሁላቸው እኔ ነኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋዬን ከላንድክሩዘሯ ኋላ አንጥፌ የኖርኩት ለዚህ ነው። ፀሐይ የትኛው ገደል ላይ በስንት ሰዓት እንደምታርፍ፣ ጭጋግ የቱ ጋ እንደሚዘገይ፣ ሽማግሌ ሰው የቱ ጋ ወርዶ እግሩን ማፍታታት እንዳለበት፣ እዚያው አድሬ ነው የማውቀው። አንቺ ግን ለፋሲካ መጥቼ «ነይ አንድ ቀን ይዤሽ ልዙር» ብልሽ ምን አልሽኝ? «ገደል ያው ገደል ነው። ምኑ ይታያል?» አልሽኝ። ያን ቀን ዋጥኩት። ይኸው አሁን ተፋሁት።

ጧት ጋፋትን በእግር አሳየኋቸውና ወይዘሮ ብርቱካን ማር መግዛት ስላማራቸው ወደ ገበያ ወጣን። ከማር ሻጮቹ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንቺን ከሩቅ አየሁሽ። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ሰፌድ በብብትሽ ይዘሽ ትመጫለሽ። ልቤ ዘለለ። ቤት ልመጣ ያሰብኩት ማታ ነበርና ገበያ መሃል ላስደነግጥሽ ብዬ ዝም ብዬ እየሳቅሁ ጠበቅሁሽ። መጣሽ፣ መጣሽ፣ ከጎኔ ደረስሽ። ቀሚስሽ ጉልበቴን ነክቶኛል፣ እታለም! አንገትሽን እንኳ ሳታዞሪ አለፍሽኝ። ስምሽን ልጠራ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ዐሥር እርምጃ ሄደሽ ፊት ለፊት ለመጡት ለቄስ አያሌው ግን ጎንበስ ብለሽ መስቀል ተሳለምሽ። እሳቸው ታይተውሻል። እኔ አልታየሁሽም።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? አፈረችብኝ አልኩ። ቤት የላት፣ ባል የላት፣ መኪና ውስጥ የምታድር እህቴ ናት ብላ በገበያተኛው ፊት ሰላም ልትለኝ ተጸየፈች አልኩ። ወይዘሮ ብርቱካን ፊቴን አይተው፣ «ምነው? ታውቂያታለሽ እንዴ ያችን ሴትዮ?» አሉኝ።

«አላውቃትም» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩት። እናታችን ስትሞት እኔን ልታሳድጊ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሽውን፣ ፀጉሬን የሠራሽኝን፣ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛሽልኝን እህቴን «አላውቃትም» አልኩ። ማታ ቤትሽ መምጣቱም ቀረ፤ በዚያው እልህ ሰዎቹን ጭኜ ወደ ገሳይ ነዳሁ።

ገሳይ እንደ ወትሮው ሀዋ ሱቅ ቆምን። ሀዋ ስኳር እየመዘነች ነበር። አንዱን ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ቁጣዬን ዘረገፍኩባት። «ጓደኛሽ ሰው መናቅ ጀምራለች፤ አብራሽ የተማረች ናትና አንቺ ጠይቂልኝ፣ ምን በደልኳት?» አልኳት። ሀዋ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«በየት በኩል ቆመሽ ነበር?» አለችኝ።

የማይረባ ጥያቄ መስሎኝ «በግራዋ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ግራና ቀኟ ከጠፋባት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚታያት ፊት ለፊቷ ያለው ብቻ ነው። እሱም በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው» አለችኝ። «ወላሂ፣ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ዛሬስ አልቻልኩም።»

ሀዋ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። አንብቢላት። መሐላውን ያስፈረሰችሽ እሷው ናት።

እንግዲህ ያን ቀን አንዱ ቁጣ ወጣልኝና ሌላው ገባ። ሦስት ዓመት፣ እታለም! ሀዋ ከባሕር ዳር ዕቃ ስታመጣ የዐይን ጠብታሽንም አብራ ስታመጣ፣ እኔ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ? ለፋሲካ በርጩማው ሲያደናቅፍሽ «ዕቃ በየቦታው ትጥያለሽ» ብለሽ የጮኽሽብኝ ለካ በርጩማው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት አልተነሣም ነበር! የላክሁልሽን ፎቶ ግራፍ አንድም ቀን «አየሁት» ያላልሽኝ፣ እኔም ንቃኝ ነው ብዬ መላክ ያቆምኩት፣ ለካ ለዚህ ነበር! ለምን ደበቅሽኝ? እኔ ባዳ ነኝ? ሱቅ ውስጥ ስኳር እየተመዘነ የሚነገር ነገር ለእህት አይነገርም?

ሀዋን «ለምን?» ብዬ አጥብቄ ጠየቅኋት። «ከሰማች መኪናዋን አቁማ እኔን ስትጠብቅ ትቀመጣለች፤ እኔ ያሳደግኳት እግሬ ሥር እንድትቀመጥ አይደለም» ብለሻታል አሉ። በጣም ደግ ነሽ! ግን ማን ፈቀደልሽ? ትምህርትሽን የተውሽውም ማንንም ሳትጠይቂ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ልከለክልሽ አልቻልኩም። አሁን አርባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀረኝ። ስለ እኔ ብቻሽን የምትወስኚው እስከ መቼ ነው?

ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ለመንገደኞቼ የምጽፈውን የጉዞ ወረቀት አንዳንድ ቅጂ ሀዋ ጋ እተው የለ? ለካ በየገበያው ቀን ይዛልሽ ትመጣና ታነብልሻለች። አንቺም ዐይንሽን ጨፍነሽ ትሰሚያለሽ። የጨጨሆን ቁልቁለት ከነመታጠፊያዎቹ በቃልሽ ይዘሽዋል። እንዲያውም አንድ ቀን ሀዋ አንዱን ምንጭ ዘላ ብታነብ «ውኃ የሚጠጡበትን ረሳሽው» ብለሽ አርመሻታል። ይህን ስሰማ ከሱቁ ወጥቼ መኪናው ኋላ ሄድኩ። ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልሽም።

በማግስቱ ከጉና ወገብ ላይ አቁሜ ሰዎቹን አወረድኳቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ እስከ ታች ድረስ ተዘርግቷል። ስንት ጊዜ ያየሁት ነው። ያን ቀን ግን ሁለት እጆቼን ከዐይኖቼ ግራና ቀኝ አድርጌ፣ ቀዳዳው እስኪጠብ ድረስ ከልዬ አየሁት። አንዲት ጎጆ ብቻ ታየችኝ። ከጎጆዋ በላይ ጭስ። ሌላው አገር በሙሉ የለም። አንገቴን ሳዞር ጎጆዋ ጠፋችና አንድ የገብስ ክምር መጣ። እንዲህ እያደረግሁ ብዙ ቆምኩ።

ወይዘሮ ብርቱካን መጥተው «ምን እያየሽ ነው?» አሉኝ።

«ትናንት በገበያ ያለፈችው ሴት እህቴ ናት» አልኳቸው። «አላውቃትም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱኝና አብረውኝ ቆሙ።

ላሊበላ አድርሻቸው ስመለስ ሀዋ ጋ ቆሜ የሐኪሙን ወረቀት አሳዪኝ አልኳት። አየሁት። ቀጠሮሽ ጥቅምት ሃያ ነበር። አልሄድሽም! ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጊዜ ከታየ ማቆየት እንደሚቻል ነግሮሽ የለም? ታዲያ የቀረውን ለማን ልትሰጪው ነው? እህል መውቃት ስለነበረብኝ አልሄድኩም ብለሻታል አሉ። እህሉ ሌላ ሰው አጥቶ ነው? እኔ የማንም ሰው ሽማግሌ አባት ጠጠር እንዳያደናቅፈው ወርጄ መንገድ ስጠርግ እኖራለሁ፤ የእኔ እህት ብቻዋን ግድግዳ እየዳሰሰች ከብት ታስገባለች!

አሁን የማዝሽን ስሚ። አዎ፣ አዝሻለሁ።

ሀዋ ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ወርዳ አዲስ ቀጠሮ አስይዛልሻለች፤ ለሰኞ ኅዳር ሃያ ዐምስት ነው። እኔ ቃል የገባሁላቸው መንገደኞች ስላሉ እነሱን ወልድያ አድርሼ ቅዳሜ ኅዳር ሃያ ሦስት እመለሳለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በርሽ ላይ ነኝ። እህሉን የጎረቤትሽ የይሻው ልጆች እንዲወቁልሽ ነግሬያለሁ፣ ላሚቱን ደግሞ ገነት ታልባለች። ሰበብ አልቋል።

በመጀመሪያ ባሕር ዳር እንወርዳለን። በአንበሳሜ በኩል ነው የምወስድሽ፤ ይዘገያል፣ ግን ሐይቁ ድንገት ብልጭ የሚልበት አንድ ቦታ አለ፤ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ሰኞ ሐኪም ቤት። ከዚያ ሐኪሙ ሂዱ ካለን አንመለስም። የዓባይን በረሃ ወርደን እንወጣለን። አዲስ አበባን ቶሎ እናልፋታለን፣ በግራ በቀኝ የሚታይ ነው የበዛባት። ጣርማ በር ላይ ጧት ነው የምንደርሰው፤ ቆላው ከእግርሽ በታች እስኪጀምር ድረስ መኪናዋን ፊቷን ወደ ገደሉ አድርጌ አቆምልሻለሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ። ወልድያ አድረን ዳገቱን ወደ ጋሸና እንወጣለን። ጨጨሆን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ መታጠፊያ ሲደርስ ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ፣ ትሳሳቺ እንደሆነ አያለሁ። ጾም ስለሆነ ስንቁን አስቤበታለሁ፤ ሽሮም፣ ቆሎም፣ ዳቦም አለ። አልጋው ለሁለት ይበቃል። ለሰው ስጽፍ ዕይታውን በግራና በቀኝ እያልኩ ነበር የምጽፈው። ይህንን መንገድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ የማስቆምሽ ፊት ለፊት በሚታይ ቦታ ብቻ ነው።

መኪናዬን አላቆምም፣ እታለም። እግርሽ ሥርም አልቀመጥም፤ እሱን አትፍሪ። ነገር ግን ከእንግዲህ ደብረ ታቦር ደጅሽ ድረስ ሳልገባ የማልፍበት መንገድ አላሰናዳም። አንቺም ደግሞ የሚያምሽን ለእኔ ሳትነግሪ ለሱቅ ብትነግሪ፣ በእናታችን አፅም፣ ገበያ መሃል እጮኽብሻለሁ።

የአጅባር መድኃኔ ዓለም ይጠብቅሽ። ጠብታሽን በሰዓቱ አድርጊ። ክፉ አይንካሽ፣ እሾህ አይውጋሽ፣ እኔ እስክደርስ ደጃፉን ብቻሽን አትውጪ።

ቁጡዋ ታናሽሽ

ሀዋዬ፣ አላህ ይስጥልኝ። እዚህ ድረስ አንቺ አንብበሻል። ከዚህ በታች ያለውን ግን ተዪው፤ በትልቁ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን ብርሃን ወዳለበት ውሰጂና ፊት ለፊቷ ያዥላት። ራሷ ታንብበው።

ይ ቅ ር   በ ዪ ኝ