በሁዳዴ የተገዛ የበግ ጉልበት

መጋቢት 4 ቀን 1981፣ ደብረ ብርሃን
ብርድ። ረዳት ሆኜ ወደምሠራበት ወደ ዶክተር አመተ ማርያም ላቦራቶሪ እንደገባሁ፣ "ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ዛሬ የታረደ በግ ጉልበት ያምጡልኝ" አለች። በሁዳዴ! የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ሙስሊሙ ሥጋ ሻጭ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ።
"ምነው፣ ጾሙ ከበደህ እንዴ?"
"ለምርመራ ነው።"
"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።"
በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። አልታየች የምትባለው ጎረቤቴ ሥጋ ቤቱ በር ላይ አየችኝ...

መጋቢት 6
ያን ዕለቱን ዶክተር ከአጥንቱ ጫፍ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን ነጩን ልም አጥንት በስሱ ልጣው ነበር። ዛሬ ሕዋሳቱን ለይታ እንዲራቡ ብልቃጥ ውስጥ አኖረች። ቡዳፔስት የተማረችው ይህን ነው። ልም አጥንት ከተበላ አይተካም፤ ሐሳቡ ከራሱ ከታማሚው ጥቂት ወስዶ፣ አራብቶ መመለስ ነው። ውጭ አገር በጥንቸል ሞክረውታል አለች።

መጋቢት 13
የንስሐ አባቴ መምሬ ኪዳነ ማርያም አስጠሩኝ።
"ገደፍክ አሉ።"
"ለጉልበት መድኃኒት የሚሆን ነው፣ አባቴ።"
የራሳቸውን ጉልበት ያዙ። ቁርጥማቱ ሁለት ዓመቱ። ለፋሲካ ቆመው ካልቀደሱ አገልግሎቱን ሊለቁ ነው።
"እስቲ አሳየኝ።"

መጋቢት 14
ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ።
"በጉ ሞቶ የለም እንዴ? ይኸ እኮ ይበዛል!"
"ይበዛል፣ አባቴ።"
"ለፋሲካ ይደርስልኛል?"
እኔ "ማን ያውቃል" ልል ነበር። ዶክተር ግን አላለችም። "ለእርስዎ አይደርስም። ለልጅ ልጆችዎ ይደርስ ይሆናል። ልም አጥንቱ ከመጀመሪያው እንዳይበላ፣ ሕዋሱ ውስጥ ያለውን የዘር ትእዛዝ ራሱን የሚያርሙበት ቀንም ይመጣል ይላሉ።"
ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ስንት ድፍረት ይጠይቃል? እኔ አልነበረኝም።

ሚያዝያ 3
ብልቃጡ ሻገተ። ሁሉም ሞተ። ዶክተር አጠበችውና "እንደገና" አለች። የበግ ጉልበት ከየት ይምጣ? አብዱልጀሊል ዘንድ አልሄድም። ደግሞ ገደፈ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ
መምሬ አልቀደሱም። ለወጣቱ ቄስ ለቀቁ።
ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። በምርኩዝ፣ እያነከሱ፣ ዳገቱን ወጥተው። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር።
"ብልቃጡ ሻገተ አሉ። የፋሲካዬ በግ ጉልበት ነው። ድስት ሳይገባ ነጥቄ መጣሁ።"
"አባቴ፣ በዚህ ጉልበትዎ?"
"ዶክተሯ 'ለልጅ ልጆችዎ' ብላ የለም? ገና ትኩስ ነው። አንተ ወደ ዶክተሯ ሩጥ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።"
ሮጥኩ።