ዓሣ አጥማጁ አያታችን

ሰኞ፣ የካቲት 4

ተራ ቀን። ጠዋት አርባ ሦስት ካርድ ወጣ፣ አርባ ሁለት ተመለሰ። የቀረችውን የጥርስ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አገኘኋት፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦባት። የታካሚዋ ስም ላይ ክብ ቡናማ ማኅተም። «ይቅርታ እትዬ፣ ሳላየው ነው» አለኝ። የዓይን ሐኪም አለመሆኑ ደግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሆስፒታሉ የክፍል ኃላፊዎች በሙሉ ወርኃዊ ሪፖርታቸውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። መጋቢት 5 የጽሑፍ ፈተና አለ። ከሃምሳ በታች ያመጣ ከኃላፊነቱ ይነሳል።

ማስታወቂያው የተጻፈው በአማርኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንዲገባን አስቦልን ይሆን? ወይስ…

ሃያ ሁለት ዓመት የካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በዚህ ግቢ አቤቱታ ያለው፣ ዕድገት የቀረበት፣ ሚስቱን ይቅርታ መጠየቅ የፈለገ ሁሉ ደብዳቤ የሚያስጽፈው እኔን ነው። በአማርኛ ድንጋይ አስለቅሳለሁ። በእንግሊዝኛ ግን… እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ሦስቱንም ብቻዬን ተናግሬ ወሬውን እዘጋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ለመንኳት። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በየቀኑ አሥር ዓረፍተ ነገር። ሕግ አወጣች፤ በክፍለ ጊዜው «አክስቴ» የለም፣ «አንቺ» የለም።

«እርስዎ ግሡ ላይ ኤስ ረስተዋል።»

ሽንት ጨርቋን የቀየርኩላት ልጅ! ተግሣጽ እንዲህ ባርኔጣውን አውልቆ ሲመጣ መልስ አይገኝለትም። ደብተሬን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችልኝ። ቀዶ ጥገና ክፍል ደርሶ የመጣ ይመስላል።

ዓርብ፣ የካቲት 8

የግዥ ኃላፊውን ክፍሌ ውስጥ በእርምጃው ወለል ሲለካ ያዝኩት። «ሀውኤቨር» ነው የምንለው። ስብሰባ ላይ አፉን የሚከፍተው በዚህች የእንግሊዝኛ «ሆኖም» ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ አማርኛ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሀውኤቨር እትዬ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት የምትሆን ክፍል ናት እያልኩ ነው። ማለቴ… እርስዎ ካላለፉ።»

«ካርዶቹስ?»

«ምድር ቤቱ ባዶ አይደል እንዴ?»

ምድር ቤቱ ባዶ የሆነው ግድግዳው ስለሚያለቅስ ነው። ባለፈው ክረምት የተረሳ ወንበር እንኳ እንጉዳይ አብቅሎ ተገኝቷል። ክፍሉን ለዕቃ ለመስጠት ሥራ አስኪያጁም ሁለት ዓመት ሲዳዳው ኖሯል፤ የሚያግደው የኔ ምላስ ብቻ ነው። ከወንበሬ ብነሳ ምላሴም አብሮ ይነሳል። እንግዲህ እኔ ግሥ ላይ ኤስ በረሳሁ ቁጥር ስልሳ ሺህ ካርድ ወደ ሻጋታ አንድ ደረጃ ይወርዳል ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 11

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል። ሰው የምለውን ለማወቅ እስክጨርስ ይጠብቀኛል፤ ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ ገና ከመነሻው ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል? የሰዎቹ ዓረፍተ ነገር ለምን አጭር እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ይህን ለአስተማሪዬ ነገርኳት። «ፍልስፍናውን ትተው አሥሩን ይጻፉ» አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

«ዛሬ ስለ አንድ ሰው ይጻፉ። የእውነት ሰው።»

የቀድሞዋን ኃላፊዬን መረጥኩ። ካርድ አደራደር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በእንጨት ማስመሪያ። ማስመሪያው ዛሬም በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔ ግን ማንንም መትቼበት አላውቅም፣ በሐሳብ ካልሆነ።

ችግሩ፣ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውን «እሷ» አልኳቸው። ብድግ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ «ማስመሪያ ነበራት» ብዬ ቃል አለቀብኝ።

«ከዚያስ?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ከዚያማ ብዙ ነው። ግን አማርኛ ነው።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገበያ ደርቶለታል። ባለቤቱ «የተፈተነ ድርሰት» ይሸጣል። ርዕሱ «የማልረሳው ሰው»። በየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ይኸው ርዕስ ነው፣ ምሎልኛል። ድርሰቱ አንድ ገጽ ነው፤ አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብስ ነበር፣ አንድ ቀን ማዕበል ተነሳ፣ ውሻው ዳር ቆሞ ጮኸ፣ ጀልባዋ ሰጠመች፣ አልረሳውም።

በዚህ ከተማ ያለው ጥልቅ ውሃ የልብስ ንጽህና ክፍሉ ገንዳ ነው። ሰው ግን ተሰልፎ ይገዛል። የስምሪት ኃላፊው በሁለት ኮፒ። አንዱ ቢጠፋስ ብሎ ነው? አያቱ ሁለቴ ሊሰጥም ነው?

«አታፍሩም?» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ገዛሁ።

ለማየት ያህል ነው… ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁ። ባለቤቱ ገና ሳልጠይቀው አንድ ኮፒ አቀበለኝ። ሳልጠይቀው ማቀበሉ ነው የከፋው።

ሰኞ፣ የካቲት 25

አውቶቡስ ላይ ሳጠና ሄድኩ፣ ሳጠና ተመለስኩ። በቃሌ ወጣልኝ። እውነት ለመናገር ሰውየውን ወደድኩት። ሰማያዊው ሸሚዝ ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባል።

ማታ እራት ስንበላ የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሥር አገኘችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ማነው?»

«አያቴ።»

«የአንቺ አያት የእናቴም አያት ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው፣ በዘጠና ዓመታቸው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ተሳድበው ከጨረሱ በኋላ።»

«ታዲያ እሱን በእንግሊዝኛ እንዴት ልበለው?»

አልሳቀችም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «እንግዲህ ሃያ ቀን ሙሉ ያረምኩት የማንን ደብተር ነው?» ብላ ሳህኖቹን አነሳች። ክፍለ ጊዜ ስላልነበረ አንቱ አላለችኝም። እሱ ነው ያመመኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ነገ ነው። ካርዶቹን ዞሬ አየኋቸው። የምሰናበት ይመስል… ምን ሆኛለሁ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ከቋንቋ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ፈታኞች። የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ኃላፊዎች ተራርቀን ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ አልተፈተነም፤ ያወጀው እሱ ስለሆነ እንደሚያውቅ ይገመታል።

ርዕሱ ተነበበ። የማልረሳው ሰው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ እፎይታ ተሰማ፣ ጎማ እንደተነፈሰ። ወዲያው ሠላሳ እስክሪብቶ ባንድ ጊዜ ተነሳ። እኔም ጻፍኩ። አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ኤሱን አልረሳሁም፣ ነጥቡን አልረሳሁም። ወደ ሸሚዙ ልሻገር ስል ከኋላዬ ሹክሹክታ መጣ።

«እትዬ… እትዬ!»

ሀውኤቨር ነው።

«ምንድነው?»

«ውሻው የሚጮኸው ጀልባዋ ከመስጠሟ በፊት ነው በኋላ?»

ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። የእውነት ተጨንቋል፣ የገዛ አያቱ ነውና። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። የስምሪት ኃላፊው፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ የወጥ ቤት ኃላፊው… ሁሉም ጎንበስ ብሎ አንድ ሽማግሌ ያሰጥማል። እኔም ከነሱ ጋር ቆሜ እየገፋሁ ነው።

«በፊት ነው» አልኩት። ቢያንስ እሱ ይለፍ።

ከዚያ መስመሬን ሰረዝኩ።

ከሥሩ የጻፍኩት ይኸው ነው፣ እንዲህ ባለ አማርኛ የሚመስል እንግሊዝኛ፦ «ኃላፊዬ አሮጊት ነበረች። ማስመሪያ ነበራት። እኔን አትወደኝም። የአራት ሺህ ሰው ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። ስሟን ግን ለሰው አትናገርም። አንድ ቀን ታመመች። ሐኪሙ ካርድ አምጡ አለ። የራሷን ቁጥር ራሷ ተናገረች። ቁጥሩ ስሕተት ነበር። ከዚያ በፊት ተሳስታ አታውቅም። እኔ አረምኩት። በጣም ተቆጣች። ከዚያ እጄን ያዘች።»

አሥራ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ለአራሚው ግን አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን በጥድፊያ ስለጫርኩት ማንበብ አይቻልም። ጊዜ አለቀ። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላሁም። ሌሎቹ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቁ ነበር።

ቤት ስገባ ነገርኳት። «ክፍሉ ሄደ» አልኩ። ሻይ ቀዳችልኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ጉድ ፈላ።

ውጤት መጣ። ሃያ ዘጠኝ ወረቀት ተሰርዟል፤ ምክንያቱ «ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንድ አያት ስላላቸው»። ሁለቱ ባዶ ነው የተመለሱት። የቀረው የኔ ነው። አርባ አራት ከመቶ። ወድቄአለሁ። ግን ከግቢው አንደኛ ነኝ። ደረቴን ልንፋ ወይስ አንገቴን ልድፋ?

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። በሩን ዘጋው።

«እትዬ፣ ቦርዱ ማብራሪያ ይፈልጋል። እንዲያው ነገሩን ለስለስ አድርገው…»

«በእንግሊዝኛ ይሁን?»

ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ። «ለጊዜው በአማርኛ።»

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩለት። «የተቋማችን ሠራተኞች የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው በዚህ ፈተና በጽሑፍ ተረጋግጧል።» ወደደው። ፈረመበት።

ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ነገር አስጨምሬአለሁ፤ ድጋሚ ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ እስከዚያ ማንኛውም ክፍል ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ዛሬ ሠላሳ ሁለታችንም «ተጠባባቂ ኃላፊ» ተባልን። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የገዛ ወንበሬን እየጠበቅሁ ነው። ምድር ቤቱ ደግሞ እኔን ይጠብቃል።

ሀውኤቨር ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «በፊት ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

«በፊት ነው። ችግሩ ውሻው ላይ አይደለም።»

የፈተና ወረቀቴን ሰጥተውኛል። ቀይ እንደ ልማዱ። ግርጌው ላይ ግን አራሚው በእጁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፏል። መዝገበ ቃላት አላወጣሁም። ማንንም አልጠየቅሁም። ቆሜ አነበብኳት።

«ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ነው የሚለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

የቤት ሥራ የለም፤ አስተማሪዬ ከፈተናው ወዲህ አልሰጠችኝም። እኔ ግን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አሥሩን ጻፍኩ። አራሚው ሰውዬ አድራሻ የለውም። ቢሆንም ጠይቋል፣ መልስ ይገባዋል።

«ሦስት ጊዜ ለምርመራ መጣች። ሦስቱንም ጊዜ ካርዷን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አራተኛ አልመጣችም። የማይመጣ ሰው ካርድ ከአሥር ዓመት በኋላ ይወገዳል። ይህ ሕግ ነው። ሕጉን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሆነ። ካርዷ ቦታው ላይ ነው። በየወሩ አቧራውን እጠርጋለሁ። ማስመሪያውን አልፈራም።»

የመጨረሻው ውሸት ነው። እንግሊዝኛ ለውሸትም ይመቻል።

የእህቴ ልጅ ደብተሩን ሳበችው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። አነበበች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ክዳኑን አልከፈተችም።

«አክስቴ… ካርዳቸው የእውነት እዚያው አለ?»

«በክፍለ ጊዜ ‹እርስዎ› ነው የሚባለው» አልኳት።

ነገ ከሥራ በፊት ይዣት ልሂድ። መደርደሪያ አሥራ ሰባት፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ።