ዋጋዬን አስቀድሜ እናገራለሁ

ይድረስ ለወንድሜ ለላሴልስ፣

የእንግሊዝ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከሙቀቱና ከአውሎ ነፋሱ ወሬ በቀር ደህና ነኝ።

መስከረም የአውሎ ነፋስ ወር ነውና እንግዳ ጠፍቶ የባሕሩ ዳርቻ ጭር ብሏል። ሆቴሉ ደግሞ «ከዳርቻ ነጋዴዎች ተጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ ሹሩባ ከምሠራበት ጥላ ፊት ተክሏል! ሃያ ዓመት ሙሉ ዋጋዬን ሳልናገር ማበጠሪያ አንስቼ አላውቅም። አጭበርባሪ እኮ «ስጦታ ነው» ብሎ አምባሩን እጅህ ላይ ካሰረ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። እንግዶቹን ይህን የምመክራቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ አንድ ሰው የአንዲት እንግዳ እጅ ሲይዝ አየሁና «ልቀቃት፣ አንተ ሌባ!» ብዬ ጮህኩበት። ለካ ፓስተራችን ሰላም እያላት ነው! ጎረቤቴ ዊንሶም በሳቅ ፍርስ ብላ፣ «ቬርሊን፣ አጠገብሽ ቆሞ እኮ ነው!» አለችኝ። ፀሐዩ አጥበርብሮኝ ነው አልኳት። ክሊኒክ ሂጂ እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ምን ላደርግ? ጣቶቼ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ሰሌዳውን ግን ገልብጬ ጀርባው ላይ ዋጋዬን ክንድ በሚያህል ፊደል ጻፍኩበት። የሆቴሉ ዘበኛ «ማን ፈቀደልሽ?» ቢለኝ፣ «እናንተስ ስሜን ስታጠፉ ማን ፈቀደላችሁ?» አልኩት።

በል ልጆችህን ሳምልኝ። ስትመልስልኝም ፊደሉን ተለቅ አድርገው፤ የቤቴ አምፖል ደክሟል።

እህትህ ቬርሊን