የፊት ጎማው ዘንግ

ሰዓድ፣

ስትነሳ መጀመሪያ ሞርሳው ላይ ያሰጣኸውን ካልሲ አንሳ። ሞርሳ የብረት መያዣ ነው። ይህን ደርግ ከወደቀ ጀምሮ ሳስረዳህ ኖሬያለሁ፤ ተስፋ ግን አልቆረጥኩም።

ሞረዶቼን በነጭ ጋዝ ስላጠብክልኝ አመሰግናለሁ። ነጭ ጋዙ የምድጃው ነበር፤ ስለዚህ ቁርስህን ሞረዶቹን ጠይቅ።

የትናንቱን አልረሳሁም። ለሞተር ብስክሌታችን የፊት ጎማ አዲስ ዘንግ በብረት መቅረጫው በቶርኖ አውጥቼ በትኩሱ ስለካ፣ «እሼ፣ ብረቱም አንተም ቀዝቀዝ በሉና ይለካል» አልከኝ። እኔም ቦሌ ሚካኤል በሙሉ እስኪሰማ መጽሐፍ ጠቅሼ መለስኩልህ። መለኪያው ካሊፐር እያለ በጥፍሩ ከሚለካ ሰው ጋር አልከራከርም አልኩ። ከዚያም አንድ ሰዓት ተከራከርኩ።

ዛሬ ጠዋት ዘንጉን እንደገና ለካሁት።
ከቶርኖው እንደወጣ፣ በትኩሱ፣ ልክ ነበር።
ሲቀዘቅዝ ቀጥኗል። ኩሽኔታው ውስጥ ይላወሳል።
እንዲህ ያለ ጎማ ኮተቤን ሳያልፍ ይወላገዳል።
ደስ ይበልህ፤ ለሰው ግን አታውራ።

እህትህን ሸምሲያን ጭነህ ሰንዳፋ እንዳትሄድ የሞተሯን ካንዴላ ነቅዬ በኪሴ ይዤው ሄጃለሁ፤ ያለ እሱ አትነሳም። ሌላ ካንዴላ እንዳትፈልግ። በአውቶቡስ ሂዱ። ሸምሲያ ምክንያቱን ከጠየቀች «እሸቴ ክፉ ሰው ነው» በላት፤ ከእውነቱ እሱ ይሻለኛል።

ከሥራ ስመለስ አዲስ ዘንግ እናወጣለን። የምትለካው አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ ዝም ብዬ ለመቆም እሞክራለሁ።

እሸቴ