የዘይነት እንሶስላ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ዘይነት፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔም አባትሽም ደኅና ነን። ግን ተቆጥቻለሁና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ሰላሁዲንን አገባሁ፤ ኒካው እዚሁ ካርቱም ታሰረ» ብለሽ ወዲያው ወደ ሙቀቱ ወሬ ዞርሽ! በልጁ ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ የወረታ ዘመዶቹን አውቃቸዋለሁ። ግን እንሶስላ ሳትሞቂ? መዳፍሽ እንደነጣ? የደሀ ልጅ እንኳ እንዲያ ሆና አትዳርም።

የጓሮውን እንሶስላ ለማን መስሎሽ ነው ስጠብቀው የኖርሁት? በመተማ በኩል ከወጣሽ ጀምሮ ዶሮ እንዳይጭረው እያጠርሁ፣ ጎረቤት ለሠርግ ሲለምነኝ «የዘይነት ነው» እያልሁ የሰሰትሁለት ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰበት ሳምንት ደግሞ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር እናትዓለም መጣች። ጓሮ ሁሉ ለጎመን እንዲሆን ታዟል፤ የማይበላ ተክል ይነቀል አለችኝ። እናትዓለም! ስትዳር እጅ እግሯን ያቀላሁት እኔ፣ ከዚሁ ጓሮ ቆፍሬ! ይህንኑ ብነግራት አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ ሐሊማ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው፤ ነገ የቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ» አለች። መልሳ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወላሂ፣ እነሱ እንዲነቅሉት አልተውሁላቸውም። በገዛ እጄ ቆፈርሁት። ሥሩ አንዴ ከወጣ ይደርቃል፤ ስለዚህ ልጬ ወቀጥሁትና የጎረቤት ሴቶችን ጠራሁ። አባትሽ ከሱቅ ሲመለሱ ግቢው በሴት ሞልቷል። «ሙሽራ በሌለበት የምን እንሶስላ ነው?» አሉ።

«ሙሽራማ አለች፤ የራቀው እጇ ነው» አልኋቸው። ወንበራቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

ሴቶቹ እየዘፈኑ ማን ይሙቅ ብለው ሲተያዩ እጄን ዘረጋሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ቀብተው በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው አሰሩኝ። በማግስቱ ሰዎቹ መጥተው ጓሮዬን ጎመን ሲያደርጉት፣ የቀላ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ፊታቸው ቆምሁ። ይዩት ብዬ ነው። እናትዓለም አየችና ፊቷን አዞረች።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም፤ በእነሱም በአንቺም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የሰላሁዲን አክስት መሪየም በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሥር ትሰጥሻለች። ከሙቀጫው ያተረፍሁት ነው። እንዳትሞቂው፤ ትከዪው። ጥላና ውሃ ያለበት ቦታ ፈልጊለት፤ የዚያ አገር ፀሐይ ክፉ ነው ይላሉ። ሴት ልጅ ስትወልጂ ለእሷ ይደርሳል። አወቃቀጡን አስተምሬሻለሁ፤ አንቺው ታሞቂያታለሽ።

መቼ ትመጫለሽ ብዬ ሳልጠይቅሽ ደብዳቤ ስጨርስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አላህ ቤትሽን በልጅ ይሙላው፤ ከባልሽ ጋር ያስረጃችሁ።

እናትሽ ሐሊማ